ከጎንደር ወደ ጎርጎራ፦ ደሴት ላይ፣ አሸዋ ላይ ማደር

ጣና ላይ ማደር የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚጠይቀን ስለ ድንኳን ነው። እኛ መልሰን የምንጠይቀው ስለ ሰዓት ነው። ጣና ማለዳ የተኛ ውሃ ነው፤ ከቀትር በኋላ ግን የጠዋቱን ሐይቅ አያስታውስም። የብሱ በፀሐይ ሲግል አየሩ ወደ ላይ ይነሣል፣ ከሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ቦታውን ሊሞላ ይገሠግሣል። ጎርጎራ የምትገኘው በሰሜኑ ዳር ስለሆነ ይህ ነፋስ የሚደርስባት ከደቡብ ወደ 80 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ገላጣ ውሃ አቋርጦ፣ ጉልበቱን አጠራቅሞ ነው። ሐይቁ ቢጠልቅ ቢጠልቅ 14 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ጀልባውን አንሥቶ አያወርደውም፣ በጥፊ ይመታዋል። ስለዚህ ጉዞው ሁሉ የሚታሰበው ከዚህ ተነሥቶ ነው፦ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ደሴቱ ላይ መድረስ።

ከጎንደር ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። አዘዞን፣ ቆላ ድባንና ጯሂትን አልፎ የደምቢያን ሜዳ እያቋረጡ መውረድ ነው። የራሱ መኪና ያለው ሌሊት ተነሥቶ ይደርሳል። ከመናኸሪያ የሚሳፈር ግን መኪናው እስኪሞላ የሚጠፋው ሰዓት ነፋሱ ላይ ይጥለዋልና ከዋዜማው ወርዶ ጎርጎራ ይደር። ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮች መጠየቅ ግድ ነው። ክረምት ላይ ከዋናው መንገድ ወደ ሐይቁ በሚገነጠለው ጥርጊያ መንገድ አትግቡ። የደምቢያ መረሬ አፈር ዝናብ ሲነካው ጎማውን እንደ ጭቃ ቡኮ ይዞ አይለቅም፤ ድንጋይ ቢፈለግበት እንኳ አይገኝም።

አሸዋ የምንለውን ነገር እንግለጠው። የጣና ደሴቶች መሠረታቸው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የባሕር ዳርቻ ፎቶግራፍ አይቶ የሚሄድ ሰው ይከፋዋል። አሸዋው ውሃው ሲሸሽ ከድንጋዩ ሥር የሚገለጥ ጠባብ ጠርዝ ነው። ሐይቁ ክረምቱን ጠጥቶ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ነው፣ ያኔ ያ ጠርዝ ከውሃ በታች ነው። ከጥር ጀምሮ እየወጣ ይሄዳል፣ ግንቦት ላይ ይሰፋል። ግንቦት ግን ሙቀቱና ድንገተኛው ነጎድጓድ አለ፤ እኛ የካቲትንና መጋቢትን እንመርጣለን።

ጀልባ ስትዋዋሉ ዋጋው የደርሶ መልስ መሆኑን፣ ቤንዚኑ የማን እንደሆነ፣ በማግስቱ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ለይታችሁ ተነጋገሩ። ላይፍ ጃኬት በሰው ቁጥር ልክ መኖሩን በዓይናችሁ ቁጠሩ፤ “አለ” የሚለው መልስ አይበቃም። የደንገሏ ታንኳ ለማየት ታምራለች፣ ማለዳ በዳር በዳር ለመቅዘፍም ትሆናለች፤ ዕቃ ጭኖ ደሴት ለመሻገር ግን አትሁን። ሌላው ጣጣ እምቦጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀ ወዲህ በሰሜንና በምሥራቁ ዳር ብዙ ቦታ ወርሷል። ተንሳፋፊ ስለሆነ ነፋሱ ወዳዞረው ይዞራል፤ ማታ ክፍት የነበረ መግቢያ ጠዋት አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኖ ይገኛል። ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ድምፁን ያወፍራል፣ ይሞቃልም። ያኔ ጋዝ መጨመር ነገሩን ያብሳል። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወደ ላይ አንሥቶ፣ በማጭድ ቆርጦ ማውጣት ነው። ማጭዱን ይዞ የሚመጣ ባለ ጀልባ ሥራውን የሚያውቅ ነው።

አሁን ድንኳኑ። ከገበያ አብሮት የሚመጣው ቀጭን ካስማ አሸዋ ውስጥ ዋጋ የለውም፤ ስትተክሉት የያዘ ይመስላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ገመዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ነቅነቅ ሲያደርገው ይወጣል። አሸዋ የሚይዘው ክብደትንና ስፋትን ነው። ስድስት ባዶ ማዳበሪያ ይዛችሁ ሂዱ፣ አጣጥፋችሁ ብትይዙት ክብደት የለውም። እያንዳንዱን እስከ ሲሶው እርጥብ አሸዋ ሙሉት፣ አፉን እሰሩት፣ ገመዱን ወገቡ ላይ አዙሩ። ከድንኳኑ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቃችሁ እስከ ክርን የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሩና ማዳበሪያውን በጎኑ፣ ለገመዱ አግድም አድርጋችሁ አስተኙት። መልሳችሁ ስትደፍኑ በእግር እየረገጣችሁ፣ ውሃ እያርከፈከፋችሁ ይሁን፤ ደረቅ አሸዋ ይንሸራተታል፣ እርጥቡ እርስ በርሱ ይያያዛል። ገመዱ ከጉድጓዱ የሚወጣበትን ቀጭን ቦይ አትርሱ፤ ያለ ቦይ ገመዱ ማዳበሪያውን ወደ ላይ ይስበዋል እንጂ ወደ ጎን አይጎትተውም፣ ወደ ላይ የተሳበ ነገር ደግሞ ይነቀላል። አራቱ ለማዕዘኖቹ፣ ሁለቱ ነፋሱ ለሚመጣበት ወገን ነው።

በሩ ወዴት ይዙር ለሚለው፣ ቀን ከሐይቁ ሌሊት ከየብሱ ስለሚነፍስ፣ ድንኳኑ ሁለቱንም ነፋስ በጎኑ እንዲቀበል በሩን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ማዞር ይሻላል። ከሥሩ የሚነጠፈው ሸራ ከድንኳኑ ጠርዝ ውጭ አንድ ጣት እንኳ አይውጣ፤ ከወጣ ጤዛውን ሰብስቦ ወደ ጀርባችሁ ያመጣዋል።

ቦታ ስትመርጡ ጉማሬን አስቡ። ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ሊነጋ ሲል ይመለሳል፣ መንገዱንም አይቀያይርም። ዱካው ይለያል፦ ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ ጎድጓዳ መስመሮች፣ መሐላቸው ከፍ ያለ ሣር። ይህን ባያችሁበት ቦታ ድንኳን የለም። ጉማሬ የሚከፋው በእሱና በውሃው መሐል የቆመ ሰው ሲያገኝ ነው፤ ከመሸ በኋላ ዕቃ ለማጠብ ወደ ዳር መውረድም እንዲሁ ይቅር።

ውሃ ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው በቀን አምስት ሊትር ያዙ፤ ለአራት ሰው አንድ ሌሊት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል፣ ትርፍም ይኖራል። ካለቀና ከሐይቁ መቅዳት ግድ ከሆነ በነጠላ አጥልሎ ማፍላት ነው። ደለል ያለበት ውሃ ላይ ክሎሪን ጨምሮ መተማመን ስሕተት ነው፣ መድኃኒቱ ጀርሙን ሳያገኝ ጭቃው ላይ ያልቃል። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ግድም ስለሆነ ውሃው 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ጀርም ለመግደል በቂ ነው፣ ሽሮም ይበስልበታል፣ ባቄላ ግን ያስመርራል። ለዚህ ነው በሶ፣ ድርቆሽና ቋንጣ የምንይዘው። ዓሣ ከአስጋሪዎች ማለዳ ይገዛል፦ መተንፈሻው (ስንጥቡ) ቀይ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ ይሁን። ቆሮሶ ለመጥበስ፣ አምባዛ ለወጥ። እንጨት ከደሴት አትቁረጡ፤ ያ ዛፍ የቤተ ክርስቲያን ነው። ከሰል ወይም ቡታጋዝ ከጎንደር ይያዝ።

መዋኘትን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚፈራው አዞ ነው፤ መፍራት ያለበት ቀንድ አውጣ ነው። ቢልሃርዝያ የሚመጣው ሣርና ቄጠማ ባለበት ረጋ ያለ ዳር ከሚኖሩት ቀንድ አውጣዎች ነው፣ ትሉም ወደ ውሃው በብዛት የሚለቀቀው ከረፋዱ አራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ፀሐይ ነው። ውሃ የነካው ሰው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ይመርመር፤ ወዲያው ቢመረመር አይታይም። ወባም አለ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር። ድንኳን አለኝ ብላችሁ አጎበር አትተዉ፤ በሩ አሥር ጊዜ ይከፈታልና።

ገዳም ባለበት ደሴት ያለ ፈቃድ አይታደርም። እንደ ማንዳባ መድኃኔዓለም ያለው ሴት አያስገባም፤ ይህን ጀልባ ላይ ከወጡ በኋላ ማወቅ ለሁሉም ያሳፍራል። የሚቀበሏችሁን አባት ጎንበስ ብላችሁ “እንደምን አደሩ አባቴ፣ ይፍቱኝ” በሉ፣ መስቀል ተሳለሙ፣ ከዚያ ፈቃድ ጠይቁ። ወደ ገዳም ስትሄዱ ሥጋ፣ ቋንጣም ጭምር፣ አረቄና ሙዚቃ ጎርጎራ ይቅር።

ስትመለሱ ማዳበሪያዎቹን ቆፍራችሁ አውጡ፣ አሸዋውን መልሱ፣ ጉድጓዱን ድፈኑ፤ የተቀበረ ላስቲክ ውሃው ሲመጣ የዓሣ መረብ ውስጥ ይገባል። ጀልባው ለጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀጠር፣ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል። ድንኳኑ በጤዛ ረጥቦ መታጠፉ አይቀርም። ጎንደር እንደገባችሁ፣ ሳትታጠቡ በፊት፣ አጥር ላይ ዘርጉት። አሸዋው ሲደርቅ በመጥረጊያ ይራገፋል፣ በተለይ ከዚፑ ጥርስ ውስጥ፤ ያን የዘለለ ሰው በሚቀጥለው ጉዞ ዚፑ ሌሊት ላይ ይተረተርበታል።