ቻርጀሩ ሲነቀል የፈጠነው ላፕቶፕ

ማታ ደህና አድርጌ የዘጋሁት ላፕቶፕ ጠዋት ሲከፈት ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ብራውዘሩ እስኪነሳ ሁለት ደቂቃ ያህል ወሰደ። ስጽፍ ፊደሉ ከጣቴ ኋላ እየቀረ ነው ስክሪኑ ላይ የሚወጣው። አዲስ ነገር አልጫንኩበትም፣ አልወደቀም፣ ውሃም አልነካውም።

ቫይረስ ነው ብዬ ስካን አደረግኩ። የለም። ከዚያ ዊንዶውሱ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ፋይሎቼን ገልብጬ ፎርማት አደረግኩት። ማሽኑ እየተንፏቀቀ ስለሆነ የሚሠራው፣ ሙሉ ቀኔን በላው። አዲሱ ዊንዶውስም እንደ አሮጌው ተጎትቶ ተነሳ። ያን ማታ ተናድጄ ነው የተኛሁት።

በማግስቱ ከሁሉ በፊት ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ። የማሽኑን ሥራ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ታስክ ማናጀርን፣ ከፍቼ ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ፣ የላፕቶፑ አእምሮ) ስንት ላይ እየሄደ እንደሆነ አየሁ። የኔ ፕሮሰሰር መነሻ ፍጥነቱ 1.6 ጊጋኸርዝ ነው። ሥራ ሲበዛበት ተርቦ በሚባለው የፍጥነት መጨመሪያ እስከ 3.4 ይወጣል። አሁን የሚያሳየው ግን 0.39 ነው። ቪዲዮ ከፈትኩበት፣ ከባድ ፕሮግራም አስነሳሁበት፤ ያው 0.39።

ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት የሚገኘው 100 ሜጋኸርዝ ገደማ የሆነ ምት በአንድ ቁጥር ተባዝቶ ነው። 0.39 ጊጋኸርዝ (390 ሜጋኸርዝ) ማለት ማባዣው 4 ላይ ተቸንክሯል ማለት ነው። ሥራ በሌለበት ሰዓት ፍጥነት መቀነስ ጤና ነው። ሥራ ተቆልሎበት እዚያው መቅረቱ ግን አንድ ነገር ይዞታል ማለት ነው።

ሙቀትን ጠረጠርኩ። ብዙ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማትረፍ ፍጥነት ይቀንሳሉ። ኤችደብሊውኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ለካሁት፤ 44 ዲግሪ። ልቤ ስላላረፈ ፋኑንም ከፍቼ የተጋገረውን አቧራ አጸዳሁ። ሙቀቱ ትንሽ ወረደ፣ ፍጥነቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሙቀት ቢሆን ኖሮ ቀዝቅዞ ሲነሳ ጥቂት ሮጦ ከዚያ ይደክም ነበር። የኔ ገና ሲነሳ ጀምሮ ተይዟል።

የዊንዶውስን የኃይል ቅንብርም አየሁ። እዚያ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን የሚወስን ቦታ አለ። ከ100 ወደ 99 ፐርሰንት ብቻ እንኳ ቢወርድ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ተርቦው ይጠፋል። ፍጥነቱ ከመነሻው አልወጣ ያለ ሰው መጀመሪያ እዚያ ይመልከት። የኔ 100 ነበር።

መልሱ የመጣው ሳልፈልገው ነው። ላፕቶፑን ወደ ሌላ ክፍል ልወስድ ቻርጀሩን ነቀልኩት። ታስክ ማናጀሩ እንደተከፈተ ነበር። 0.39 የነበረው በአንዴ 2.9 ሆነ። መልሼ ሰካሁት፤ 0.39። ነቀልኩት፤ 3.1። አምስት ጊዜ ያህል ደጋገምኩት። እንዲህ ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንዳንድ ላፕቶፖች ቻርጀር ጫፉ መሃል ላይ ቀጭን መርፌ አለው። ዋናውን ኃይል አያስተላልፍም። ሥራው ቻርጀሩ ምን ዓይነትና ስንት ዋት እንደሆነ ለላፕቶፑ መንገር ነው። ያ መልእክት ሲቋረጥ ላፕቶፑ ቻርጀሩን አያምነውም። ባትሪውን መሙላት ያቆማል፣ ፕሮሰሰሩንም ቀስ በል ይለዋል። ትእዛዙ የሚተላለፈው ፕሮክሆት በሚባል ምልክት ነው። ምልክቱ ለሙቀት የተሠራ ቢሆንም ሌሎች የቦርዱ ክፍሎችም ሊሰጡት ይችላሉ። ስለዚህ በ44 ዲግሪ ያለ ፕሮሰሰር እየተቃጠለ እንዳለ ይሆናል።

ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የላፕቶፑ ቅንብር፣ ባዮስ፣ ውስጥ ገብቼ ሳየው የቻርጀሩ ዓይነት አይታወቅም ይላል። ባትሪውም ሁለት ቀን ሙሉ ከ61 ፐርሰንት አልፎ አያውቅም። አይቼዋለሁ፤ አርጅቷል ብዬ ነው ያለፍኩት። ያን ምልክት ከዝግመቱ ጋር ባገናኘው ኖሮ ፎርማት ባላደረግኩ።

ከሥራ ባልደረባዬ ተመሳሳይ 65 ዋት ቻርጀር ተውሼ ሰካሁ። ወዲያው ፈጠነ፣ ባትሪውም መሙላት ጀመረ። የኔን ቻርጀር ሳገላብጠው ገመዱ ላፕቶፑ ላይ የሚሰካው ጫፍ አጠገብ ተጣጥፏል። በአንድ በኩል ጠምዘዝ ሳደርገው ለሰከንዶች ይታወቃል፣ ስለቀው ይጠፋል።

ስሮትልስቶፕ በሚባል ፕሮግራም ያንን ከውጭ የሚመጣ ምልክት ማጥፋት ይቻላል። አዲሱ ቻርጀር እስኪመጣ አንድ ማታ፣ አስቸኳይ ሥራ ስለነበረኝ፣ ተጠቅሜበታለሁ። እንደ መፍትሔ ግን አልመክረውም። ምልክቱ በትክክል የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ አቅሙ የማይበቃ ቻርጀር ሲሰካ።

ሌላ ቻርጀር ተሰክቶም ካልታወቀ ላፕቶፑ ላይ ያለው የቻርጀር መሰኪያ ሊሆን ይችላል። እሱ ተፈትቶ ነው የሚታየው። በኔ በኩል ግን አዲስ ቻርጀር በቂ ነበር።