ከ90 ወደ 70፦ ተሳቢ መጎተት የተማርኩባቸው ወራት

ያቺን ከዚህ በፊት የጻፍኩላችሁን፣ በፒካፕ የምትጎተት የመኝታ ተሳቢ ታስታውሷታላችሁ። ክረምቱን ሙሉ ደብረ ብርሃን አንድ ብየዳ ቤት እየተመላለስኩ ያሠራኋት። ሁለት ሰው ታስተኛለች። ኋላዋ ሲከፈት ምድጃ ይወጣል። የረከቦት ማስቀመጫም አላት (ይሄ የባለቤቴ ሐሳብ ነው፤ ከሁሉም የጠቀመንም እሱ ነው)። ያኔ ሁላችሁም "ስንት ፈጀች?" አላችሁኝ። "በስንት ትነዳታለህ?" ያለኝ ግን የለም። እውነት ለመናገር እኔም አላሰብኩበትም። ፒካፑ ባዶውን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ተሳቢ ሲኖረው 90 ይበቃዋል። ሂሳቤ ይኸው ነበር።

የመጀመሪያው ጉዞ ጥቅምት ላይ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ። አጠገቤ የሰፈራችን ጡረተኛ ሹፌር ተቀምጠዋል። ጋሼ ነው የምላቸው። ከ1990ው ጦርነት በፊት፣ ወደባችን አሰብ በነበረበት ዘመን፣ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ይዘው በጣርማ በር ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ይዣቸው የወጣሁት እንዲያስተምሩኝ አልነበረም። እንዲያደንቁልኝ ነበር።

ጫጫ ልንደርስ ስንል ሜዳው ላይ ነፋስ ተነሳ። የዚያን አገር ነፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ የታወቀችው በከንቱ አይደለም። 90 ላይ ነኝ። አንድ አውቶቡስ ቀደመኝ። መጀመሪያ ወደ ዳር ገፋኝ። ግማሹ ካለፈ በኋላ ደግሞ ወደ ራሱ ሳበኝ። በስፖኪዮ ሳይ ተሳቢዋ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ብቅ ትላለች። እስክስታ የምትመታ ነው የምትመስለው። እግሬ ሳላዘው ፍሬን ላይ ሄደ። ባሰባት። የፒካፑ ኋላ አብሯት መወዝወዝ ጀመረ።

"ፍሬኑን ልቀቅ! ነዳጁንም ልቀቅ! መሪውን ብቻ ቀጥ አድርገህ ያዝ!"

ጋሼ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለቀቅኩ። ፍጥነቱ በራሱ እየወረደ 60 አካባቢ ሲደርስ ተረጋጋች። ዳር ይዤ ቆምኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል። እሳቸው ወረዱና ተሳቢዋን አንድ ዙር ዞሯት። ኋላዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ውሃውን እዚህ ማነው ያስቀመጠው?"

እኔ ነኝ። ከምድጃው ጋር ይቀራረብ ብዬ።

ፍሬኑ ለምን እንዳባሰው ያስረዱኝ እዚያው መንገድ ዳር ነው። ተሳቢዋ የራሷ ፍሬን የላትም። እኔ ፍሬን ስይዝ ፒካፑ ይቀንሳል፣ እሷ ግን በነበራት ጉልበት ትመጣለች። ቀጥ ብላ ብትሆን ዝም ብላ በገፋችኝ። ጠማማ ሆና ስትመጣ ግን የፒካፑን ኋላ ወደ ጎን ነው የምትገፋው። ነዳጅ መስጠትም አያዋጣም። በየውዝዋዜው መሪ እየጠመዘዙ ላርማት ማለትም እንዲሁ፤ የሰው እጅ ከውዝዋዜው ስለሚዘገይ የሚደርሰው ሲያልፍ ነው። ስለዚህ እግር ማንሳት፣ መሪ መያዝ፣ መጠበቅ። በዚያች ሰዓት ከባዱ መጠበቁ ነው።

ቤት ተመልሰን ወደ ሚዛን ሄድን። ሙሉ ክብደቷ ከነዕቃዋ 650 ኪሎ ወጣ። ከዚያ ገበያ ዳር አንድ የማውቀው እህል ነጋዴ ጋ ወስደን፣ ከፒካፑ ጋር የምትያያዝበትን ጫፍ ባስኩላው ላይ በእንጨት አስደገፍነው። ነጋዴው "ጤፍ ነው ስንዴ?" እያለ ሳቀብን። ባስኩላው 22 ኪሎ አለ።

22 ኪሎ ምንም ማለት አይደለም። አሜሪካኖች ለእንዲህ ያለ ተሳቢ የሚይዙት ልክ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው ጎታቹ መኪና ላይ እንዲያርፍ ነው። የኔ ከ4 በመቶ በታች ነበር። ጥፋተኛዋ ያቺ ሮቶ ናት። 80 ሊትር ውሃ 80 ኪሎ ነው። ከጎማው ወደ ኋላ 90 ሳንቲሜትር ርቃ ስትቀመጥ እንደ ሚዛን ክንድ የፊቱን ጫፍ ወደ ላይ ታነሳዋለች። ከጎማው ፊት 60 ሳንቲሜትር ላይ አዛወርናት። እንደገና ባስኩላ። 70 ኪሎ። ወደ 11 በመቶ ገደማ። ምንም ሳይቀነስ፣ ምንም ሳይጨመር፣ ቦታ በመቀየር ብቻ። ባለቤቴ አሁን ውሃ ለመቅዳት ዞራ መሄድ አለባት። እስካሁን ታማርራለች።

ያኔ ችግሩ ተፈታ፣ ወደ 90 እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ጋሼ ግን "ቆይ እስቲ" አሉኝ። ኅዳር ላይ በዚያው መንገድ ሁለት ጊዜ ተመላለስን። እኔ ስነዳ እሳቸው በስፖኪዮ ተሳቢዋን ያያሉ። ትልቅ መኪና ባለፈን ቁጥር ስንት ጊዜ እንደተወዛወዘች ይቆጥራሉ። 70 ላይ አንዴ ሁለቴ ብላ ትተዋለች። 80 ላይ አራትም አምስትም ጊዜ ትሄዳለች። 88 ላይ ቆጠራውን አልጨረስነውም፤ እግሬን አነሳሁ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ውዝዋዜ ሁልጊዜ አለ። ቀስ ስትል በራሱ ይሞታል። በፈጠንክ ቁጥር ለመሞት ይቆያል። የሆነ ፍጥነት ላይ ጭራሽ አይሞትም፤ ከዚያ በላይ እያደገ ይሄዳል። ጭነት ማስተካከል ያንን ፍጥነት ወደ ላይ ይገፋዋል እንጂ አያጠፋውም። ደግሞ ቁጥሩ ባለበት አይቆምም። ነፋስ ዝቅ ያደርገዋል። ቁልቁለት ዝቅ ያደርገዋል። ነፋሱ የጎደለ ጎማም እንዲሁ። ስለዚህ ከሚያስፈራው ፍጥነት ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ መንዳት ዋጋ የለውም። ሰፊ ክፍተት ነው የሚያስፈልገው። እኔ 70 ያልኩት ለዚህ ነው፤ ነፋስ ካለ 60።

ጎማ ላይ አንድ ነገር ልበል። የተሳቢዋን ሁለት ጎማዎች ሳልባጅ ነበር የገዛሁት። አንድ ጎሚስታ ዘንድ ስሄድ ልጁ ጎኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገና ፊደሉን አሳየኝ። ከመጠን ቁጥሩ በኋላ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አለ፤ ጎማው የሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት ነው። ኤፍ 80፣ ጂ 90፣ ጄ 100፣ ኬ 110፣ ኤል 120። የኔ አንዱ ኤል ነው። ሌላው ጂ! በ90 ስበር የነበረው በጫፉ ላይ ነበር ማለት ነው። ያውም ፊደሉ የሚሠራው ጎማው ደህና ከሆነ፣ ነፋሱ ልክ ከሆነና ጭነቱ ካላለፈ ነው። የተሠራበት ጊዜ አራት አኃዝ ሆኖ ተጽፏል፤ 0914 ይላል። በፈረንጆች 2014 ዘጠነኛው ሳምንት። ተሳቢ ቆሞ ስለሚውል ጥርሱ አያልቅም፤ ጎማው ግን ያረጃል። ሁለቱንም ቀየርኩ።

አንድ ማታ ቁጭ ብዬ የመቆሚያ ርቀት አሰላሁ። ፍሬን እስክይዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጅብኛል ብዬ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ለፍሬን አልባ ተሳቢ በሚሆን መጠነኛ አያያዝ። በ70 ለመቆም 67 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በ80፣ 83። በ100፣ 119። ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው። በ70 የሚሄደው መኪና ሙሉ በሙሉ በቆመበት ቦታ፣ በ100 የመጣው ገና 80 ገደማ ላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ አህያ አድርጉበት። ወይም ከገበያ የሚመለስ ጋሪ። እንግሊዝ አገር መኪና ተሳቢ ሲጎትት መሐል አካፋይ በሌለው መንገድ ከ50 ማይል፣ ማለትም ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አይፈቀድም። ጀርመንም ያለ ልዩ ፈቃድ ወሰኑ 80 ነው። እነሱ ደግሞ ከሸኖ እስከ ጫጫ ያሉት በጎች የሉባቸውም።

ሰዓቱስ? ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በወረቀት ከ90 ወደ 70 መውረድ 25 ደቂቃ ገደማ ያስከፍላል። እኔ መዝግቤ ያገኘሁት 15 አካባቢ ነው፤ ሸኖ፣ አለልቱ፣ ሰንዳፋ ላይ ማን ይፈጥናል? አንድ ቡና የሚጠጣበት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ጣርማ በር። ይሄኛውን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ፤ የተሳሳትኩት ጋሼ በሌሉበት ነውና።

ጥር ላይ ከባለቤቴ ጋር ሸዋ ሮቢት ልንወርድ ተነሳን። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውዬ ጠየቅኩ። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ ያለው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር አትሞላም። ያንን ሁሉ ከፍታ ይዤው የምወርደው እኔ፣ ፒካፑና 650 ኪሎዋ ነን። ጉልበቱ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ ይበላዋል። ፍሬን ሲበላው ሙቀት አድርጎ ነው።

ከዋሻው ስወጣ ጉም ነበር። በአራተኛ ማርሽ፣ ወደ 60። "70 ነው ልኬ፣ 60 እኮ ቀርፋፋ ነው" ብዬ። ሜዳ ላይ የተማርኩትን ቁጥር ቁልቁለት ላይ ይዤ ሄድኩ። በየመታጠፊያው ፍሬን፣ ተሳቢዋ ደግሞ ከኋላ ትገፋለች። ደብረ ሲና ልንገባ ስንል ባለቤቴ "ምን ይሸታል?" አለች። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ። ፔዳሉን ስረግጠው ለሰስ ብሎ ገባ። ማርሹን ወደ ሦስተኛ፣ ወደ ሁለተኛ ወረድኩና ሞተሩ እያቃሰተ ከተማው መግቢያ ላይ ዳር ያዝኩ። ቸርኬውን መንካት አይቻልም። አንድ ልጅ በባልዲ ውሃ ይዞ ሊረዳን መጣ። እንዳያፈስበት ለመንኩት፤ የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሊሰነጠቅ ይችላል። አርባ ደቂቃ ቆሎ እየቆረጠምን ጠበቅን።

ለጋሼ ደወልኩ።

"በስንተኛ ማርሽ ነው የወረድከው?"

"በአራተኛ፣ ጋሼ።"

ዝም አሉ። ከዚያ፣ "በምን ወጣኸው ታዲያ? በወጣህበት ውረድ አይደል የሚባለው? ተሳቢ ካለህ ደግሞ አንድ ዝቅ በል። ማርሹን የምታስገባው ላይ ሆነህ ነው፣ ከዋሻው በፊት። መሐል ላይ ትዝ ካለህ ዘግይተሃል።"

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ወርጄዋለሁ። ዋሻው ጋ ሳልደርስ እቆማለሁ። ማያያዣውን፣ ሰንሰለቱን፣ የጎማውን ቡሎን አያለሁ። መብራት አበራለሁ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ እጀምራለሁ። መታጠፊያዎቹ ላይ 25፣ ላላ ሲል በሦስተኛ 40። ፍሬን ላይ እግሬን አላሳርፍም። 40 ሲያልፍብኝ ጠበቅ አድርጌ ይዤ ወደ 30 አወርደውና እለቃለሁ፤ በመሐሉ ይቀዘቅዛል። ፎሌ (ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ) የሚባል ነገር የለም፣ ነዳጅ ሊቆጥብ ይችላል የሚላችሁን አትስሙ። ጉም ካለ ማርሹም ፍጥነቱም ዝቅ ይላል። 30 ሜትር ብቻ በሚታይበት፣ በሜዳ ደረቅ አስፋልት እንኳ ለመቆም የምችለው በ40 ነው፤ በቁልቁለትና በእርጥቡ አይሆንም። ከኋላዬ አይሱዙውም ዶልፊኑም ይሰለፋል። ጡሩምባ ይነፋሉ። ሰፊ ቦታ ሳገኝ ዳር ይዤ አሳልፋቸዋለሁ። አንዱ ረዳት በመስኮት ወጥቶ "ሬሳ ነው እንዴ የጫንከው?" ብሎኛል። ሳቅኩ። 25 ላይም ቀጠልኩ።

ያለፈው ሳምንት ደብረ ሲና ላይ ወርጄ ቸርኬውን በእጄ ዳበስኩት። ሞቅ ብሏል፣ አይፋጅም። መንዝ ውስጥ ወዳለው ጓሳ የሚወስደውን መንገድ ገና አልደፈርኩትም፤ ስሄድ እጽፍላችኋለሁ።

አንድ ተጨማሪ ነገር። አሁን ሮቶዋን ባዶዋን ነው ይዣት የምወርደው። ውሃውን ታች ሮቢት እንቀዳለን። 80 ኪሎ ከቁልቁለቱ ላይ ቀነስኩ ማለት ነው። ባዶ ስትሆን ጫፉ እንዳይቀል ፈርቼ ባስኩላው ላይ መልሼ አስቀመጥኳት። 51 ኪሎ፣ ከ570። ወደ 9 በመቶ። ከልኩ ትንሽ ስላነሰ የዕቃ ሳጥኑን ወደ ፊት ገፋሁት። ነጋዴው አሁንም "ጤፍ ነው ስንዴ?" ይላል። ቀጣዩ ሥራ ለተሳቢዋ የራሷን ፍሬን ማስገጠም ነው። ፍሬን ያለው አሮጌ የተሳቢ እግር ያየ ካለ ይንገረኝ።