ለፒካፕ ፍሬን መምረጥ

ዛሬ ቀኑ ያለቀው በፍሬን ጉዳይ ነው። ፒካፗ ባዶዋን ስትሆን ምንም አይላትም፤ ጭና ረጅም ቁልቁለት ስትወርድ ግን ፔዳሉ ይላላል፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸታል። ችግሩ ግለት ነው።

ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልኝ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነውን ዲስክ፣ ማለትም ሸራው የሚጨምቀውን ክብ ብረት ነበር። ማማሩን ያምራል! ግን ከባድ ጭነት ላይ ስንጥቅ ከቀዳዳዎቹ ጠርዝ ሊነሳ ይችላል፤ ግለቱን የሚሸከመውም የብረቱ ክብደት ስለሆነ መብሳት ማለት መቀነስ ነው። እኔ ወፍራሙን፣ በመሃሉ አየር የሚያልፍበትን፣ ያልተበሳውን ወሰድኩ።

ሸራው ላይ ትንሽ ተከራከርን። ሴራሚኩ ድምፅ የለውም፣ ቸርኬም አያጠቁርም። ብረት የተቀላቀለበት ግን ለጭነት መኪና ግለት ይሻላል። ይጩህ፣ ብቻ ይያዝልኝ።

ትልቁን ካሊፐር፣ ማለትም ሸራውን በፒስቶን ገፍቶ ዲስኩን የሚያስጨምቀውን ክፍል፣ ተውኩት። ፒስቶኑ ሲሰፋ ብዙ ዘይት ይፈልጋል፤ ዋናው የፍሬን ፓምፕ ካልተቀየረ ፔዳሉ ወደ ታች ይርቃል። ቸርኬውም ላይበቃው ይችላል።

የሚገርመኝ ስለ ፍሬን ዘይት የሚያወራ መጥፋቱ ነው። የፍሬን ዘይት ዶት 3፣ ዶት 4 እየተባለ በደረጃ ይለያል፤ በደረጃው መሠረት አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205፣ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወደ 140 እና 155 ይወርዳል። ዘይት ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይታመቃል፣ ፔዳሉም ይላላል፤ ያኔ የትኛውም ውድ ዲስክ አያድንም። ስለዚህ ዶት 4 ገዛሁ፣ አሮጌው ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ ይወጣል።

ነገ ይገጠማል። ከዚያ ባዶዋን፣ ከመካከለኛ ፍጥነት ፍሬን እየደጋገምኩ ሸራና ዲስኩን አላምዳለሁ። ጭነት ያላችሁ ትንሽ ታገሱኝ 😄