ሽጉጡና አፎቱ

ደሴ ከተማ፣ ሆጤ ሰፈር ባለው የአያቶቼ ቤት ቆጥ ላይ፣ በአቡጀዴ ተጠቅልሎ በእንጨት ሣጥን ውስጥ የኖረው ሽጉጥ ባለፈው ክረምት መግቢያ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲቀየር ወረደ። አብሮት አፎቱና ዝናሩም ወረዱ። ወሬው በሰፈሩ ሳይናፈስ ለፖሊስ አስታወቅን፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ስለሚከለክል፣ አሮጌ ነው፣ የአባት ነው እያሉ ማስቀመጥ እንደማያዋጣ ለአክስቴ አስረዳኋቸው። እርሳቸውም «እኔ የአባቴን ንብረት ደብቄ አላውቅም፤ የደበቀው ቆጡ ነው» ብለው ተስማሙ። ፖሊሶቹ መጥተው ሽጉጡንና በዝናሩ ውስጥ የተገኙትን ጥቂት ጥይቶች በሰነድ ተረከቡ። ቆዳውን የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። አፎቱና ዝናሩ እቤት ቀሩ፤ ይህን ማስታወሻ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው መለያየት ነው።

ፖሊሶቹ ከመምጣታቸው በፊት በጡረታ ላይ ያለ ወታደር ዘመዳችን ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሊያረጋግጥ በስተቀኝ ያለችውን የጥይት ማስገቢያ በር ከፈተና ምላጩን ሳበ። ስድስት ጥይት የሚይዘው ከበሮ አንድ እርምጃ ዞረ፤ መምቻው ግን ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ሳበ፤ ከበሮው ዞረ፣ መምቻው እንደ ተኛ ቀረ። ዘመዳችን «ይሄማ ውስጡ ተሰብሯል» አለና መልሶ አስቀመጠው። ነገሩ ግን ስብራት አልነበረም። የዚህ ዓይነቱ ሽጉጥ በሩ ሲከፈት መምቻው ከምላጩ እንዲላቀቅ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ባለቤቱ አንድ እጁ በምላጩ ከበሮውን እያዞረ በሌላው እጁ ጥይቱን አንድ በአንድ ያጎርሳል፣ ቀለሁንም አንድ በአንድ እየገፋ ያወጣል፤ ድንገት ይተኩስብኛል ብሎ አይሠጋም። ይህን ያህል ዘመን ቆጥ ላይ ቆይቶ ይህ ስልት እስከ ዛሬ ሳይነቀነቅ መሥራቱ አስደንቆኛል።

ሽጉጡ ጣሊያኖች በ1889 እ.ኤ.አ. ለሠራዊታቸው የተቀበሉት፣ በተለምዶ ቦዴኦ የሚባለው፣ 10.35 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ ነው። በሁለት ዓይነት ይሠራ ነበር። ለመኮንን የታሰበው አፈሙዙ ክብ ሆኖ ምላጩን የሚከልል ቀለበት አለው፤ ለተራው ወታደር የታደለው ግን አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን ነው፣ ከለላ የለውም፣ ምላጩም ሲፈለግ ወደ ፊት ይታጠፋል። ጣቢያው ውስጥ አንድ ፖሊስ በተገኘበት ስመለከተው ግራ ያጋባኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። የእኛው አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን፣ ምላጩም ታጣፊ ሆኖ ሳለ፣ ምላጩን የሚከልል የብረት ቀለበት ደግሞ አለው። ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ አይወጣም።

ጠጋ ብዬ ሳይ ቀለበቱ በሁለት የናስ ምስማር የተያያዘ፣ የሞረድ ጭረት ያለበት፣ በእጅ የተሠራ ነው። አፈሙዙም አጥሯል። የዚህ ሽጉጥ አፈሙዝ ሙሉ ርዝመቱ 115 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የእኛው 73 ነው። ጫፉ ተቆርጦ ተሞርዷል፤ አብሮ የተቆረጠው ማነጣጠሪያ በአንዲት የናስ ቅርፊት ተተክቷል። የእጀታው ሁለት ጎን መጀመሪያ እንጨት መሆን ሲገባው የተለበጠው በበሬ ቀንድ ነው፤ ቀንዱ ላይ ዙሪያውን ጥቃቅን የብር ነጥቦች ተተክለዋል። ብሩ ከጠገራ ብር መሆኑን አክስቴ ይናገራሉ። የቀንዱ አንዱ ጎን ከሌላው ይልቅ አልቋል፤ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ እንደ ሳሙና ልሟል።

አሁን ወደ ቤተሰቡ ታሪክ ልምጣ። እኛ ያደግነው ቅድመ አያታችን በወሎው ራስ ሚካኤል ጦር ውስጥ ሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከአንድ ጣሊያን ማርከው ያመጡት ሽጉጥ እንደነበር እየሰማን ነው። እኛ ልጆቹ አይተነው የማናውቅ ሽጉጥ ስለነበረ ታሪኩን የሚጠራጠር አልነበረም። ነገር ግን በሽጉጡ ጎን፣ ዝገቱ በዘይት ሲለሰልስ፣ ብሬሺያ የሚለው የከተማ ስምና 1917 የሚለው ዓመት በግልጽ ተነበበ። አውሮፓውያን 1917 ሲሉ በእኛ 1909 እና 1910 ነው፤ ይህም ማለት ሽጉጡ የተሠራው ከአድዋ ሃያ ዓመት በኋላ፣ ኋላ ንጉሥ የሆኑት ራስ ሚካኤል ራሳቸው በሰገሌ ጦርነት ከተማረኩ በኋላ ነው። ለአክስቴ ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «አድዋን ወሰድክብኝ፤ ምን ልትሰጠኝ ነው?» አሉኝ።

የምሰጣቸውን ያገኘሁት ከቆዳው ነው።

አፎቱ መልኩ ወደ ጥቁር የጠጋ ቀይ ነው፤ በውስጥ በኩል ባሕረ ዐረብ የሚባለው ቀይ ስስ ቆዳ ተለብጦበታል። ሸዋ በር አካባቢ ለሚኖሩ፣ በዕድሜ ለገፉ ኮርቻ ሠሪ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ሳያደርጉ በጣታቸው ስፌቱን ዳሰሱና «አብሽር፣ ይህ የኮርቻ ሰው እጅ ነው» አሉኝ። ወስፌው እኩል እኩል የበሳው፣ ጅማቱ በሁለት መርፌ ከሁለት ወገን የገባበት፣ ቋጠሮውም በሁለቱ ቆዳዎች መካከል የተቀበረበት አሠራር ነው። ጣሊያን ሠራዊት የሚያድለው አፎት አይደለም፤ ለአንድ ሽጉጥና ለአንድ ሰው ወገብ ተለክቶ እዚሁ አገር የተሰፋ ነው። የዝናሩ ዘለበት የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አራት ሲሆኑ የተለጠጠው አንዱ ብቻ ነው፤ ሰውየው በሕይወቱ ብዙም አልወፈረም ማለት ነው።

ሽማግሌው የአፎቱን ግርጌ ሲያገላብጡ ግን እኔ ያላየሁትን አዩ። ግርጌው አልተቆረጠም፤ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነው የተሰፋው። ጥሩ ቆዳ የሚያውቅ ሰው አይቆርጥም፣ ያጥፋል አሉኝ። የላላውን ጥቂት ስፌት ይዘው እጥፋቱን በቀስታ ሲገልጡት፣ ባሕረ ዐረቡ ላይ ስምንት ማዕዘን ያለው ብረት ለዓመታት ተጭኖ የተወው ቀጥ ያለ መስመር እስከ ጫፉ ድረስ ታትሞ ታየ። የታጠፈውን ለካሁት፤ 41 ሚሊ ሜትር ነው። ከሽጉጡ አፈሙዝ የጎደለው 42 ነው። አፎቱ የተሰፋው ሽጉጡ ገና ሙሉ በነበረበት ጊዜ ነው፤ አፈሙዙ ሲያጥር እርሱም አብሮ አጠረ። ስለዚህ የዚህ ሽጉጥ የመጀመሪያ አፎቱ ይኸው ነው፤ ከሌላ የተዋሰው አይደለም።

ከዚህ በኋላ ቆዳውን ከላይ ወደ ታች ማንበብ ቀላል ሆነ። በምላጩ ትይዩ ላይ ቀለሙ ለየት ያለ፣ የጣት ርዝመት ያላት የቆዳ ቁራጭ ገብታ አፎቱን አሰፍታዋለች፤ የተሰፋችው ደግሞ በጅማት ሳይሆን በጥጥ ክር ነው። የግርጌው እጥፋት ግን እንደ ዋናው ስፌት በጅማት ነው። እንግዲያው መጀመሪያ አፈሙዙ አጠረ፤ አፎቱን የሰፋው ሰው በሕይወት ስለነበር ወይም ቢያንስ ሥራው ስላልተቀየረ በዚያው ስልት ታጠፈ። የምላጩ ከለላ የተጨመረው ዘግይቶ ነው፤ ያን ጊዜ አፎቱ ጠበበ፣ ሌላ ሰው በሌላ ክር አሰፋው።

ይህንን ቅደም ተከተል ይዤ ወደ አክስቴ ተመለስኩና፣ ምንም ሳልነግራቸው፣ አባታቸው ሽጉጡን እንዴት ይታጠቁ እንደነበር ጠየቅኋቸው። በግራ ወገባቸው፣ እጀታውን ወደ ፊት አዙረው፣ ከጋቢው በታች ነበር አሉ። በቅሎ ላይ ሲቀመጡ ጫፉ ጭናቸውን እየወጋ ስላስቸገራቸው «አሳጠሩት»። ከለላውስ? አክስቴ ሳቁ። ልጅ ሳሉ አንድ ቀን አባታቸው ከገበያ ገብተው ዝናሩን ሲፈቱ የጋቢው ጥለት ምላጩን ይዞት ተኮሰ። ሰው አልነካም፤ ጥይቱ ጎተራውን በሳው፣ ማሽላው እስኪመሽ ድረስ መሬት ላይ ሲፈስ ዋለ፣ ሴት አያቴም ቀዳዳውን በጭቃ ሳይደፍኑ እራት አላቀርብም አሉ። ቀጥ ያለ ምላጭ ያለ ከለላ ሲሆን ልብስ እንደሚይዘው ከቴክኒክ መጽሐፍ መረዳት ይቻላል፤ እኔ ግን ያንን የጥጥ ክር ካየሁ በኋላ ጎተራውን የሰማሁ መሆኔ አስደስቶኛል። ማስረጃው ከወሬው ቀድሞ ነበርና።

ሽጉጡ ወንድ አያቴ እጅ የገባበት ጊዜ ግን ከሁለት ዘመን አይወጣም። ጣሊያን ደሴን የያዘው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የለቀቀው ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር በኮምቦልቻ በኩል ያለውን መተላለፊያ ሰብሮ ከተማውን በያዘበት በሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የጣሊያን መሣሪያ በየገደሉና በየቤቱ ቀርቷል። አክስቴ የተወለዱት ከዚያ በኋላ ስለሆነ ያዩት ተሠርቶ ያለቀውን ነው። ወሬው ወደ አድዋ የሸሸበት ምክንያት አይገርመኝም፤ ከአያት ይልቅ ለቅድመ አያት፣ ከአምስቱ ዓመት ይልቅ ለአድዋ መስጠት ለአንድ ቤት ክብር ነው። እኔ ግን በበኩሌ የተማረከ ሽጉጥ ከሚሆን ይልቅ በበቅሎ፣ በጋቢና በጎተራ ምክንያት የተሻሻለ ሽጉጥ ቢሆን ይሻለኛል።

የውጭ አገር ሰብሳቢዎች ይህን ቢያዩ ተበላሽቷል እንደሚሉ ይገባኛል፤ ለእነርሱ ዋጋ ያለው ከፋብሪካ እንደወጣ የቆየው ነው። ይሁን እንጂ እነርሱም ቢሆኑ ለአንድ ሰው ተብሎ የተሠራን መሣሪያ ከነመታጠቂያው ያከብራሉ። የአሜሪካው ጄኔራል ጆርጅ ፓተን በ1916 እ.ኤ.አ. ኤል ፓሶ ከተማ የገዙት፣ ቅርጽ የተቀረጸበትና የዝሆን ጥርስ እጀታ ያለው ኮልት ሽጉጥ ታዋቂ ነው፤ የታጠቁበትን ቆዳ የሠራላቸው ደግሞ እዚያው ኤል ፓሶ የነበረ፣ ማየርስ የሚባል ኮርቻ ሠሪ ነው። ሸዋ በር ላሉት ሽማግሌ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ማን ይሠራዋል? ጫማ ሰፊ?» አሉኝ። በእኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ ብረቱ ይወሰዳል፣ ቆዳው ይጣላል። ደሴ ውስጥ ከአርበኛ ቤት የወጡ ስንት ሽጉጦች በየመጋዘኑ ከነማን ወገብ እንደወረዱ የሚናገር ነገር ሳይኖራቸው እንደተቀመጡ ሳስብ እበሳጫለሁ።

ይህንን ሁሉ ከነልኬቱና ከነፎቶው ጽፌ፣ ሽጉጡ እንዳይተኩስ ተደርጎ ከአፎቱና ከዝናሩ ጋር በአንድ ቁጥር ቅርስ ሆኖ እንዲመዘገብ አመልክተናል። አክስቴ መጀመሪያ አመነቱ፤ የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት መዘረፉን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። «ቆጡ ይሻላል» አሉ። ቆጡ አሁን የለም፤ አዲሱ ጣሪያ ኮርኒስ አለው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቅቀን ማድረግ አለብን። ሽጉጥን በአፎቱ ውስጥ ለዓመታት ማስቀመጥ ብረቱን ያጠፋዋል፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ከፍቆቱ የተረፈው አሲድም ብረቱን ያዝገዋል፣ የደሴ ጭጋግ ደግሞ በዚህ ላይ ይጨመራል። ዝናሩ ውስጥ የተገኙት ጥይቶች ናሳቸው ቆዳውን በነካበት ቦታ ሁሉ ሰም የመሰለ አረንጓዴ ነገር አብቅሎ ከመያዣቸው ጋር ተጣብቀው ነበር፤ የተላቀቁት በብዙ ትዕግሥት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሳይለያዩ፣ ነገር ግን ሳይነካኩ መቀመጥ አለባቸው። መካከሉ በሳንቃ የተከፈለ አንድ ሣጥን ልናሠራ ወስነናል። አክስቴ ሣጥኑ ከዋንዛ ካልሆነ በማስረከቢያው ላይ አልፈርምም ብለዋል፤ አናጺው ደግሞ በደንብ የደረቀ ዋንዛ እስኪያገኝ ድረስ ታገሡ ብሎናል።