ፋይበር አስገብተን የቤታችን ኔትወርክ የጠፋበት ሳምንት

የቤታችን ግድግዳ ወፍራም ኮንክሪት ነው፤ የሞባይል ኔትወርክ በሩ ላይ ሲደርስ ያልቃል። ለዓመታት ያኖረን ከሞባይል ኦፕሬተራችን ያገኘነው ትንሽ ነጭ ሣጥን ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ «ቡስተር» ነው የሚለው። ቡስተር የሚባለው ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ እኔ ይህን ያወቅሁት ከተቸገርኩ በኋላ ነው። አንደኛው ደጅ ያለውን ደካማ ሲግናል በአንቴና ይዞ፣ አጠንክሮ ወደ ውስጥ የሚለቅ ነው። ለሱ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ሁለተኛው ፌምቶሴል ይባላል፤ የኛ ይሄኛው ነው። ራሱን የቻለ ትንሽ የኔትወርክ ጣቢያ ሲሆን የስልኩን ጥሪ ተቀብሎ በቤቱ ኢንተርኔት በኩል ለኦፕሬተሩ ያደርሳል። ኢንተርኔቱን ስትቀይሩ፣ ሳታስቡት የስልካችሁን መንገድም ቀየራችሁ ማለት ነው።

የድሮውን የስልክ ሽቦ መስመር ትተን ፋይበር ያስገባን ዕለት ሁሉም ነገር ፈጠነ። የሣጥኑ መብራት ግን ብርቱካናማ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል፤ አረንጓዴ አልሆን አለ። እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት። ስልኳ የቆየ ስለሆነ በዋይፋይ መደወል አይችልም። ማታ ወደ ደጅ ይዛው ስትወጣ ያመለጧት አራት ጥሪዎች በመልእክት ተከታትለው ገቡ። «ልጄ፣ ብወድቅስ ማንን ነው የምጠራው?» አለችኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያን ሌሊት የሠራሁት ስህተት አንድ ቀን አስከፍሎኛል። የሣጥኑን ሪሴት ቀዳዳ በመርፌ ተጭኜ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መለስኩት። ሪሴት ሲደረግ ምዝገባውን ሁሉ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ይህም እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በማግስቱ ሙሉ ቀን መብራቱን ሳይ፣ ሣጥኑ ተበላሽቶ ይሁን ወይስ ተራውን እየጠበቀ መለየት አልቻልኩም። ሪሴት የመጨረሻው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። አጥፍቶ ማብራት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ምንም አይጎዳም።

ኦፕሬተሩ ጋ ስደውል «ሣጥንዎ አርጅቷል፣ አዲስ ይውሰዱ» አሉኝ። የኢንተርኔት አቅራቢው ደግሞ ፍጥነቱን ለክቶ «ከእኛ በኩል ችግር የለም» አለ። ሁለቱም ጣታቸውን ወደ ሌላው ቀሰሩ፣ እናቴ መሀል ላይ ቀረች።

ያወጣኝ የድሮው መስመር ገና አለመቆረጡ ነው። ሣጥኑን ነቅዬ ወደ አሮጌው ራውተር መልሼ ሰካሁት። 40 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ አረንጓዴ በራ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሣጥኑን መነካካት አቆምኩ፤ ችግሩ ያለው በአዲሱ መንገድ ላይ ነው። መስመር የምትቀይሩ ሁሉ፣ አዲሱ በደንብ መሥራቱን እስክታረጋግጡ ድረስ አሮጌውን አታስቆርጡ። የድሮው መስመር በእጃችሁ ከሌለም፣ ሣጥኑን ወዳጅ ቤት ወስዶ መሞከር ያው መልስ ይሰጣል። አንዳንዱ ሣጥን ግን ከተመዘገበበት አድራሻ ውጭ አይነሣም፤ መጀመሪያ ኦፕሬተሩን ጠይቁ።

ፍጥነት ጉዳዩ አልነበረም። የአንድ ጥሪ ድምፅ በተለመደው አቀራረቡ በሰከንድ 12.2 ኪሎቢት ነው፤ የምስጢር መጠቅለያው ተጨምሮበትም ለየትኛውም ፋይበር ኢምንት ነው። ሣጥኑ ከኢንተርኔት የሚፈልገው ሌላ ነው። አንዱ ትክክለኛ ሰዓት ነው። የቤት ጣቢያ የሬዲዮ ሞገዱ ከሚሊዮን 0.25 በላይ እንዳይዛባ ይጠበቅበታል። ይህ በ2100 ሜጋኸርዝ ላይ 525 ኸርዝ ብቻ ነው። ይህን ለመጠበቅ ብዙዎቹ ሣጥኖች ሰዓታቸውን ከኢንተርኔት በፖርት 123 በኩል ያስተካክላሉ፤ ፖርት ማለት ዳታው የሚገባበትና የሚወጣበት በር ቁጥር ነው። ሁለተኛው፣ ከኦፕሬተሩ ጋር ዩዲፒ በሚባለው የአላላክ ዘዴ በፖርት 500 እና 4500 የሚዘረጋ አይፒሴክ የሚባል የተመሰጠረ ዋሻ ነው። ዋሻው ካልተዘረጋ ሣጥኑ ጌጥ ነው።

ምክር የሚሰጥ ሰው ሁሉ «ፖርት ፎርዋርድ አድርግ» ይላል፤ ከውጭ የሚመጣውን ራውተሩ በቀጥታ ወደ ሣጥኑ እንዲመራ አድርግ ማለት ነው። አደረግሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። ሲታሰብ መሥራትም አልነበረበትም፤ ዋሻውን የሚጀምረው ከውስጥ ያለው ሣጥን ስለሆነ መልሱ በወጣበት መንገድ ይመለሳል። ፋይበሩን የዘረጉት ልጆች ከኋላው የተዉትን ሁለተኛ ራውተርም አወጣሁ። እሱም መፍትሔው አልሆነም፤ ቢሆንም ሁለት ራውተር ተደራርቦ ከመተው ማውጣቱ ይሻላል።

ፍንጩ የመጣው ከራሴ ስልክ ነው። የእኔ ስልክ በዋይፋይ መደወል ይችላል፤ በአዲሱ መስመርም ያለችግር ይደውል ነበር። በዋይፋይ መደወል ደግሞ እነዚያኑ ፖርቶች፣ ያንኑ ዓይነት ዋሻ ነው የሚጠቀመው። ፖርቶቹ ክፍት ከሆኑ ሣጥኑን የሚያስቀረው ምንድን ነው? ልዩነቱ ማንነትን በማሳየቱ ላይ ነው። ስልኩ ማንነቱን በሲም ካርዱ ያስረዳል፤ መልእክቱ አጭር ነው። እንደኛ ያለ ሣጥን ግን ዲጂታል ሰርተፊኬት፣ ማለትም ረዘም ያለ የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ፣ ይልካል። ሰርተፊኬት የያዘ መልእክት ብዙ ጊዜ በአንድ ፓኬት (ዳታ ተጠቅልሎ በሚጓዝበት ጥቅል) ከሚያልፈው 1500 ባይት ይበልጥና ተቆራርጦ ይጓዛል። ከመጀመሪያው ቁራጭ በቀር በሌሎቹ ላይ የፖርት ቁጥር አይጻፍም፤ ስለዚህ ጥንቁቅ ፋየርዎል (የራውተሩ ዘበኛ) የማን እንደሆኑ ስለማያውቅ ይጥላቸዋል። መልእክቱ ራሱ አስቀድሞ ተከፋፍሎ እንዲላክ የሚያደርግ አሠራር በ2014 ወጥቷል፤ የቆየ ሣጥን ግን አያውቀውም።

ይህን ይዤ ከኮምፒውተር «አትቁረጥ» የሚል ትእዛዝ ጨምሬ ፒንግ፣ ማለትም መንገዱን የሚፈትሽ የሙከራ መልእክት፣ ላክሁ። 1472 ባይት አላለፈም፤ 1464 አለፈ። 28 ባይት ራስጌ ሲጨመርበት 1492 ይሆናል፤ መስመሩ ፒፒፒኦኢ በሚባል የአቅራቢው መግቢያ አሠራር የሚሄድ ስለሆነ 8 ባይት ለሱ ይሄዳል። አዲሱ መንገድ ከተለመደው 1500 ባይት በጥቂቱ ይጠባል ማለት ነው። ብቻውን ግን ዋሻን የሚዘጋ አይደለም። ከዚያ የራውተሩን የፋየርዎል ገጽ አንድ በአንድ አነበብኩ። ከታች፣ «የተቆራረጡ ፓኬቶችን አግድ» ከሚለው አጠገብ ምልክት ነበረ። ከፋብሪካው ተሞልቶ የመጣ ነው። እሱን ብቻ አነሣሁ፤ የቀረውን ፋየርዎል እንዳለ ተውኩት። ሣጥኑን አጥፍቼ አበራሁ። በ11ኛው ደቂቃ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ጸና። እናቴ መኝታ ቤት ነበረች፤ ከሳሎን ደወልኩላት። «የት ሆነህ ነው?» አለችኝ። ድምፅዋ ከግድግዳው ወዲያም ከስልኩም ይሰማኝ ነበር።

ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ጥሪው አልፎ አልፎ ይቆራረጥ ጀመር፤ ሁልጊዜም አንዱ ልጅ ትልቅ ፋይል ወደ ላይ ሲጭን ነው። በራውተሩ ውስጥ ለሣጥኑ ቅድሚያ ስሰጥ ቆመ።

ከሁለት ወር በኋላ ራውተሩ ሌሊት ራሱን አፕዴት አደረገ፣ ያች ምልክትም ተመልሳ ገባች። ጠዋት ብርቱካናማውን መብራት ሳይ በቀጥታ ወደዚያው ገጽ ሄድኩ። አሁን የሴቲንጉ ስምና ቦታ በወረቀት ተጽፎ ራውተሩ ጎን ላይ ተለጥፏል፤ እኔ ቤት ባልኖርም እህቴ አንብባ እንድታስተካክለው።