መኪና አልነሳ ሲል ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት

ጠዋት መኪና አልነሳ ሲል ሰፈር ውስጥ ሁሉም የየራሱን ይላል። አንዱ "ባትሪው ነው" ይላል፣ ሌላው "ሞተሪኖው ሞቷል" ይላል (ሞተሪኖ ቁልፍ ስናዞር ሞተሩን የሚያዞረው ነው)፣ ከዚያ ልጆች ተጠርተው ይገፋል። ማንዋል ከሆነ ገፍቶ ማስነሳት ለዛሬ ያሻግራል፤ ነገ ግን ያው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሳይለኩ ዕቃ መቀየር ነው። በዚህ ኑሮ ውድነት የባትሪ ገንዘብ በግምት አይወጣም።

መጀመሪያ አዳምጡ። ቁልፉን ስታዞሩ "ጠቅ" ብሎ ዝም ካለ፣ ወይ "ተክ ተክ ተክ" ካለ፣ ወይ እያቃሰተ በግድ ከዞረ ችግሩ ሞተሩን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ላይ ነው። እንደ ወትሮው እየዞረ አልነሳ ካለ ግን ባትሪና ሞተሪኖውን ለጊዜው ተዉዋቸው። አብዛኛውን ጊዜ ወይ ነዳጅ አልደረሰውም ወይ ካንዴላው (ነዳጁን የሚለኩሰው) እሳት አይሰጥም።

የጎረቤታችን አሮጌ ኮሮላ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። አዲስ ባትሪ ገብቶለትም ጠዋት ጠዋት ማቃሰቱን አልተወም። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዱ ይታወቃል፤ ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፣ ዘይቱንም ያወፍራል፣ ስለዚህ ተደብቆ የቆየ ድክመት ሁሉ ጠዋት ላይ ነው የሚወጣው። ሞተሪኖ ሊያስቀይሩ ሲሉ "ጋሼ ይቆዩ፣ በቴስተር እንየው" አልኳቸው።

ባትሪው አድሮ 12.6 ቮልት ያሳያል፣ ማለትም ሙሉ ነው። ሞተሩ ሲዞርም ከ10 ቮልት በታች አልወረደም (ከ9.6 በታች ቢወርድ ባትሪውን እጠረጥር ነበር)። ቀጥዬ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ ቁልፉን እንዲያዞሩ ነገርኳቸው። እዚህ ላይ ከግማሽ ቮልት በታች መሆን ሲገባው ወደ 2 ቮልት ወጣ። ያ ሁሉ ጉልበት መንገድ ላይ እየቀረ ነበር ማለት ነው፤ ሞተሪኖው ጋ አይደርስም። የማሳውን ገመድ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ብረቱ የሚሄደውን) ተከትለን ስንወርድ ካምቢዮው ላይ የታሰረበት ብሎን ዘይትና ዝገት ለብሷል። ባትሪውን ነቀልን፣ ብሎኑን ፈታን፣ ገመዱንም የሚያርፍበትንም ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈገፈግን፣ አጥብቀን መለስነው። አንዴ ሲያዞሩት ተነሳ። ሞተሪኖው እስካሁን የድሮው ነው።

ከተነሳ በኋላም ባትሪው ላይ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ ዲናሞው በደንብ አይሞላም፣ አዲስ ባትሪ ብታስገቡም ይወርዳል።

እየዞረ የማይነሳ ከሆነስ? ቁልፉን ሳታስነሱ ኦን ላይ ብቻ አድርጉና ጆሯችሁን ወደ ኋላ ወንበር ስጡ። ኢንጀክሽን የሆኑ ብዙ መኪኖች ላይ የነዳጅ ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል "ዥዥ" ሲል ይሰማል። ካልተሰማ ወደ ፓምፑ ከመሄዳችሁ በፊት ፊውዙንና ሪሌውን (የፓምፑን ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋውን) እዩ፤ እነሱ ርካሽ ናቸው። ፓምፑ ከተሰማ ደግሞ ካንዴላ አውጥታችሁ እዩት። ነዳጅ ከነካው እሳቱ ላይ፣ ደረቅ ከሆነ ነዳጁ ላይ አተኩሩ። እስከዚያው ቁልፉን ከ10 ሰከንድ በላይ ይዛችሁ አታዙሩ፣ በመሃሉም አሳርፉት፤ ደህናው ሞተሪኖ የሚቃጠለው በዚህ ጊዜ ነው።