ከምሳ በኋላ የሚዘገይ ፒክ

የላቦራቶሪያችን ቺፕ፣ ማለትም በቀጭን ቦዩ ውስጥ ሞለኪውሎችን በኤሌክትሪክ የሚለይ ትንሽ መስታወት፣ ጠዋት ጠዋት ጨዋ ነበር። ፒኮቹ፣ ማለትም እያንዳንዱ ሞለኪውል መለኪያው ጋ ሲደርስ የሚታዩት ጉብታዎች፣ ሰዓታቸውን ጠብቀው ይወጣሉ። ከምሳ በኋላ ግን መጎተት ይጀምራሉ፤ ይዘገያሉ፣ ይሰፋሉ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ደህና ይሆናሉ።

የምንለየው በፍሎረሰንት ቀለም የታሰሩ አሚኖ አሲዶችን ነው። ስለዚህ ጣት ሁሉ የተቀሰረው ናሙናው ላይ ነበር። ቀለሙ እየተላቀቀ ነው ያለም ነበር። የፕሮጀክቱ ኃላፊም ናሙናው በረዶ ላይ እንዲቀመጥ አዘዙ። ለውጥ የለም።

በላቦራቶሪው ረጅም ጊዜ የቆየች ቴክኒሺያን አለች። ጠጋ ብላ፣ “ዶክተር፣ ናሙናውን ለጊዜው ይተዉትና እስኪ ሮዳሚን ቢ የሚባለው ቀለም ብቻውን ይሞከር” አለቻቸው።

ብልህ ሐሳብ ነበር። ሮዳሚን ቢ በምንሠራበት ፒኤች (የአሲድነት መጠን) ላይ ቻርጁ ተጣፍቶ ዜሮ ነው። ኤሌክትሪኩ አይስበውም፤ ፈሳሹ ወደሄደበት አብሮ ይሄዳል እንጂ። ከሰዓት ተሞከረ፤ እሱም ዘገየ። ናሙናው ነፃ ወጣ ማለት ነው። ቀስ ያለው ፈሳሹ ራሱ ነበር።

የመስታወት ቦይ ግድግዳ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። ግድግዳው አጠገብ የሚሰበሰቡት ፖዘቲቭ አየኖች ቮልቴጅ ሲለቀቅ ወደ ኔጌቲቩ ኤሌክትሮድ ይነጉዳሉ፣ ፈሳሹንም ይጎትቱታል። በፈሩ፣ ማለትም ፒኤች እንዳይለዋወጥ የሚይዘው የቦዩ ፈሳሽ፣ አሲድ እየሆነ ሲሄድ የግድግዳው ቻርጅ ይቀንሳል፣ ጉተታውም ይደክማል። ታዲያ አሲዱ ከየት መጣ?

ቴክኒሺያኗ የፒኤች ወረቀት ቆርጣ በፖዘቲቩ በኩል ያለው ዌል (በቦዩ ጫፍ ያለው ፈሳሽ መያዣ ጉድጓድ) ውስጥ ነከረች። ወደ ቢጫ አደላ። በሌላው ጫፍ ያለው ወረቀት ወደ ሰማያዊ ሄደ። ጠዋት ሁለቱም የተሞሉት ከአንድ ጠርሙስ ነው!

የፕላቲነም ሽቦው ውሃውን እየሰነጠቀው ነበር። ፖዘቲቩ ጋ አሲድ፣ ኔጌቲቩ ጋ ቤዝ ይፈጠራል። ቀኑን ሙሉ ቦዩን የሚሞላው ደግሞ ከፖዘቲቩ ዌል የሚመጣው ፈሳሽ ነው። በግርድፉ አስሉት። 10 ማይክሮ አምፔር ለ1 ሰዓት ሲፈስ ወደ 0.37 ማይክሮ ሞል አሲድ ይወጣዋል። ዌሉ የሚይዘው 50 ማይክሮ ሊትር፣ በፈሩ 10 ሚሊሞላር ፎስፌት ነው። ፒኤች 7.2 አካባቢ አሲድ የሚውጠው ክፍል ግማሹ፣ ማለትም 0.25 ማይክሮ ሞል ብቻ ነው። በ40 ደቂቃ ገደማ አቅሙ ያልቃል። የኛ ቮልቴጅ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እንደበራ ነው የሚውለው።

የሚገርመው ነገሩ አዲስ አለመሆኑ ነው። በ1948 የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘው አርነ ቲሴሊየስ መሣሪያውን ሲሠራ ኤሌክትሮዶቹን ከመለያው ቱቦ አርቆ ትልልቅ ዕቃ ውስጥ ነው ያስቀመጣቸው። ቺፕ ሲመጣ ሁሉም ነገር ተጨማደደ፤ ዌሉም አብሮ አነሰ።

አሁን ከጥቂት ሙከራ በኋላ ቮልቴጁ ይጠፋል፣ ዌሎቹ ይመጠጣሉ፣ በአዲስ በፈር እኩል ይሞላሉ። ሥራ በዛ ብሎ የሚያጉረመርም አልጠፋም። ቴክኒሺያኗ ግን በተለይ “እኩል” የምትለው ላይ ድርቅ ትላለች። የአንዱ ዌል ፈሳሽ ከሌላው ትንሽ ከፍ ካለ በራሱ ክብደት ወደ ቦዩ ይገፋልና፣ ቮልቴጁ ጠፍቶም ሮዳሚኑ ሲንሸራተት በማይክሮስኮፕ ይታያል።